ኸልፋን ያልጠጣው ሁለተኛ ፍንጃል

ኸልፋን ቢን ሱዌድን በአሸዋው አፋፍ ባለችው ቢዲያችን ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም፤ ቁጭ ሲል ያየው ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። መስጊድ በር ላይ ሰላም ያላችሁት ሰው፣ ፊታችሁን መለስ ሳታደርጉ ተምር እርሻው ውስጥ የውሃ ቱቦ ሲጎትት ታዩታላችሁ። ሰርግ ላይ ሩዝና ሥጋው ሳይቀርብ ተነስቷል። ለቅሶ ቤት አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጪ ነው። ሚስቱ ሸምሳ፣ «ይህ ሰው ሲወለድ ምንጣፉ ላይ እሾህ ነበረ መሰለኝ» እያለች ትስቅበታለች፤ ሲብስባት ግን አትስቅም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ምሳውን ከጎኗ ጨርሶ አያውቅማ!

እኛ ዘንድ ደግሞ ወሬ ከቡና አይቀድምም። እንግዳ ደጃፍ ሲደርስ ባለቤቱ «ወሬ አለ?» ይላል፤ እንግዳው «ወሬ የለም፣ ሁሉ ደህና» ብሎ ይመልሳል። በተራው እሱም ይጠይቃል፤ መልሱ ያው ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንኳ «ሁሉ ደህና» ነው የሚለው። ከዚያ ተምር ይቀርባል፣ ቡናው በትንሿ ፍንጃል ይቀዳል፣ አንድ ይጠጣል፣ ሁለት ይጠጣል፤ እውነተኛው ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው። የበቃው ሰው ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። ኸልፋን ገና የመጀመሪያዋን ሳይውጥ ነቅነቅ! በዚህ ምክንያት የአገሩን ወሬ ሁሉ ከእኛ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። የገዛ እህቱ ልጅ መታጨቷን የነገረው ሥጋ ሻጩ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እውነቴን ነው።

ሃያ አንድ ዓመት የውሃ ቦቴ ነድቷል። አሸዋው ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ለግመሎቻቸውና ለፍየሎቻቸው ውሃ የሚያደርሰው እሱ ነበር፤ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው፤ አራግፎ መሄድ ብቻ። ጡረታ የወጣ ዕለት ሸምሳ፣ እንግዲህ ባሌ አጠገቤ ሊቀመጥልኝ ነው ብላ ፍየል አሳረደች። ምን ዋጋ አለው! በማግስቱ ጋፍ ዛፍ ሥር ለዓመታት ዝገት ሲበላው የኖረውን አሮጌ ፒካፕ በሰንሰለት አስጎትቶ ግቢዋ መሃል ገተረባት።

ያቺ መኪና ሰምሓ ናት። ሰምሓ መጀመሪያ የግመል ስም ነበር፤ ኸልፋን በሃያ ዓመቱ መኪናዋን ለመግዛት የሸጣት ግመል። የመኪናዋን ግማሽ የከፈለው ደግሞ የጡት ወንድሙ ዛሂር ነው። ኸልፋን ሲወለድ እናቱ ታማ ወተቷ ስለደረቀ የዛሂር እናት ናት ሁለቱን አንድ ላይ ያጠባቻቸው። ዛሂርም የራሱን ግመል ሸጠ፣ ገንዘቡን አንድ ላይ አደረጉና ያቺን ባለ ሰፊ ግንባር ላንድክሩዘር አመጧት። ዓሣ ጫኑባት፣ ፍየል ጫኑባት፣ ሙሽራ ጫኑባት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጫኑባት። ሸምሳ ራሷ ሙሽራ ሆና የገባችው በሰምሓ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ኸልፋን ይነዳል፣ ዛሂር ያያል። ትልቅ የአሸዋ ጋራ ፊታቸው ሲደቀን ኸልፋን እግሩ ሥር ያቆማል፤ ዛሂር ወርዶ በእግሩ ጫፉ ላይ ይወጣና ማዶውን ያያል። ነፋስ የጋራውን ጀርባ በአንድ ሌሊት ገደል ያደርገዋልና ትናንት የተሻገርከው ዛሬ ይገድልሃል። ማዶው ደህና ከሆነ ዛሂር ጥምጥሙን ፈትቶ ያውለበልባል፤ ያኔ ኸልፋን ነዳጁን ረግጦ ይወጣል። ያቺን ጥምጥም ለመጠበቅ የሚፈጀው ሃያ ደቂቃ ለኸልፋን የዓመት ያህል ነበር።

ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አንድ የጸደይ ጠዋት ሰምሓ ጋራ ላይ ተገለበጠች። ኸልፋን ጭረት ሳያገኘው ወጣ። የዛሂር ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አጥንቱም ተጣሞ ገጠመ። ሰው «እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ዛሂር «ነፋሱ ቆርጦት ነበር» አለ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልወጣውም። ማየት የሱ ሥራ አይደል? እንግዲህ እኛ ምን አልን፣ «ዛሂር ዓይኑ ደክሟል» አልን። ከዚያ ወዲያ ምራኝ ብሎ የለመነው የለም። ያንን ጋራም «የዛሂር ጋራ» ብለን ስም አወጣንለት። አላህ ይቅር ይበለን፣ እየሳቅን ነበር የምንጠራው። ዛሂር በዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ እያነከሰ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ኸልፋን ያን ሁሉ ጊዜ ምንም አላለም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምሓን ሲያሠራት ኖረ። ሻጂ የሚባለው ሕንዳዊ መካኒክ ሞተሩን አወረደ፣ ካምቢዮውን ዘረገፈ፣ ላሜራውን ቀጠቀጠ። አንድ ብሎን ሲያጠብቅ ኸልፋን ሦስት ጊዜ «አለቀ?» ይላል። «አባባ፣ እባክዎ ሄደው ሻይ ይጠጡ» ይለዋል ሻጂ። ኸልፋን ይሄዳል፣ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፣ ይመለሳል፤ «አለቀ?» ይላል። ሻጂ በሂንዲ ይረግመዋል፣ ኸልፋን በዓረብኛ ይመርቀዋል። በስድስት ዓመቱ ሰምሓ የድሮውን የአሸዋ ቀለሟን ለብሳ፣ ፓራውልቷ ተወልውሎ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ብቻ እየጮኸ ቆመች።

ማርሚታዋ ሳይሠራ የቀረው ጊዜ ስላልተገኘ ነው። ረቡዕ ዕለት ከባሕር ዓሣ የሚያመጣው ሹፌር ኸልፋንን ገበያ ውስጥ ያዘው። ኸልፋን እንደ ልማዱ ሊያመልጠው ሲል ሰውየው እጅጌውን ጨብጦ፣ «ስማኝ እንጂ! ዛሂርን ስኳር በሽታው እግሩን በልቶታል። ያንኑ ቀኙን። እሑድ ጠዋት ሙስካት ላይ ከጉልበቱ በታች ሊቆርጡት ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሶላት በኋላ ልጁ ባድር ይዞት ይነሳል» አለው።

ኸልፋን እጅጌውን ማስለቀቅ ተወ። ያን እግር ማን እንደሰበረው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና ዛሂር። እግሩ ተቆርጦ ሲወድቅ ነገሩም አብሮ ሊቀበር ነው። «ቅዳሜ ጠዋት በሰምሓ እመጣለሁ በለው» አለና ሮጠ። እውነት ለመናገር እየሮጠ ነበር የሄደው፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው።

ዓርብ ማታ ሸምሳ ስንቁን እየቋጠረች፣ «በአዲሱ መኪናችን በአስፋልቱ ብትዞር ምን አለ? የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ በሰላም ደርሰህ በሰላም ትመለሳለህ» አለችው።

«አስፋልት ላይ አይደለም የሰበርኩት።»

ሸምሳ እጇ ቆመ። ሰበርኩት ነው ያለው? ቀና ብላ ልትጠይቀው ስትል ኸልፋን ግቢ ወጥቶ የሰምሓን ኮፈን ከፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አሸዋው አፋፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ሁሉም ወርዶ ጎማ ያስተነፍሳል፤ ጎማው ለስለስ ካላለ አሸዋው ይውጥሃል፣ ሞተሩም እየታገለ ይግላል። ቁጢጥ ብለህ መተንፈሻውን በክብሪት እንጨት ተጭነህ፣ ጎማው ሆዱን ዘርግቶ እስኪተኛ ትጠብቃለህ፤ አራት ጎማ፣ ግማሽ ሰዓት። ኸልፋን የመጀመሪያውን እስከ ግማሽ አስተነፈሰ። ሁለተኛውን ከዚያ ባነሰ። አራተኛውን በጫማው ረገጥ አድርጎ «ይበቃል» አለ። ማን ይጠብቃል! ፀሐይዋ ሳትጠነክር ገባ።

ሰምሓ ግን ጉድ ሠራች። አሸዋውን ስትነካ ያረጀ ሞተሯ እየጮኸ፣ መሪዋ በእጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ወጣትነቷ ትሄድለት ጀመር። «እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» እያለ ይጮህላታል። ግን ደስታው አንጀቱ አይደርስም። ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ልቡ ባሕሩ ላይ ነው፣ አፉ ደግሞ ለዛሂር የሚለውን ይሞክራል። «ዛሂር፣ ያን ቀን...» ይልና ይተወዋል። «ወንድሜ፣ አንተም ታውቃለህ...» ይልና መሪውን ይመታዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ያልወጣ ቃል እንዴት ብሎ ይውጣ?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከእማማ ዝወይና ሰፈር ደረሰ። እማማ ዝወይና ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አሸዋው መሃል በዘንባባ ዝንጣፊ በተሠሩ ሁለት ዳሶች ይኖራሉ። በደጃቸው ሳይቆም የሚያልፍ መኪና የለም፤ ማለፍ ነውር ነው። ኸልፋንም ነውሩን አያደርገውም፤ ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ወሬ አለ?» አሉ እማማ ዝወይና የአሸዋው ሴቶች የሚያደርጉትን የፊታቸውን ጭምብል እያስተካከሉ።

«ወሬ የለም፣ ሁሉ ደህና። እርስዎስ ዘንድ ወሬ አለ?»

«ወሬ የለም፣ ሁሉ ደህና። አረፍ በል ልጄ።»

ኸልፋን ቁጢጥ አለ። አንድ ተምር አፉ ውስጥ ወረወረ። አሮጊቷ ቡናውን ቀዱለት፤ አንድ ጊዜ ፉት አለና ፍንጃሉን ነቅነቅ አደረገ።

«ምነው? ሁለተኛዋን ጠጣ እንጂ፤ ወሬ እኮ...»

«ስመለስ እማማ! ስመለስ ሦስት እጠጣለሁ፣ ወላሂ!»

ብድግ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እማማ ዝወይና ከኋላው ተነስተው በትራቸውን ወደ ኋለኛው ዳስ እያወዛወዙ የሆነ ነገር ጮኹ። ማርሚታዋ እንደዚያ እያንባረቀ ማን ይስማ? ምርቃት መስሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ «አሚን! አሚን!» እያለ ተፈተለከ።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ የዛሂር ጋራ አለ። ኸልፋን ቀና ብሎ ሳያየው መሪውን ጠምዝዞ ዞረው፤ ዙሪያው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቦቴ በነዳበት ዘመን ሁሉ ያን ጋራ አንድም ቀን ተሻግሮት አያውቅም፤ ቦቴ ስለሆነ ነው ይል ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ባሕሩ ዳር ደረሰ። የዛሂር ቤት ዝግ ነው። ደጃፉ ላይ ጁምዓ የሚባል ጎረቤት የዓሣ መረቡን ዘርግቶ ይጠግናል።

«ዛሂር የታለ?» አለ ኸልፋን ከመኪናው ሳይወርድ።

ጁምዓ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ሰውዬ፣ ግመልም እኮ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል። ሰላምታ የለም? ውረድ።»

ወረደ። ምን ያደርጋል? ጁምዓ እጁን ይዞ አስቀመጠው። ወሬ አለ፣ ወሬ የለም። ተምር መጣ። ቡና መጣ። ኸልፋን እጁ ፍንጃሉን ሊነቀንቅ ሲነሳ ጁምዓ ዓይኑን አፈጠጠበት፤ ሁለተኛው ተቀዳ። ኸልፋን ትኩሱን አንዴ ጭልጥ አድርጎ ምላሱን ተቃጠለ።

«እንግዲህ ወሬው» አለ ጁምዓ ተረጋግቶ፣ «ዛሂር ሐሙስ ዕለት መልእክትህ ሲደርሰው ሲስቅ ዋለ። 'በዚህ እግሬ እሱ እስኪመጣ ተቀምጬ ከምጠብቅ፣ መንገዱን ላጋምስለት። ኸልፋን የቱንም ያህል ቢቸኩል እማማ ዝወይና ጋ ሳይቆም አያልፍም' አለ። ትናንት ባድር ወስዶ እሳቸው ጋ አሳደረው። ማለዳ ልጁ ውሃ ሊቀዳላቸው መኪናውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ መሄዱ አይቀርም እንጂ፣ ዛሂርማ እዚያው ይሆናል። አላገኘኸውም እንዴ?»

የኋለኛው ዳስ! አሮጊቷ በትራቸውን ያወዛወዙት ወደዚያ ነው። ዛሂር ሌሊቱን እግሩ ሲጠዘጥዘው አድሮ ጠዋት የማስታገሻ ኪኒን እንቅልፍ ጥሎት፣ ከኸልፋን አሥር እርምጃ ላይ ተኝቶ ነበር። ወሬውም ሁለተኛዋ ፍንጃል ውስጥ ነበረ። እሱ ግን «አሚን» ብሎ ሄደ!

«ምነው ፊትህ ገረጣ?» አለ ጁምዓ። «ሦስተኛ ልቅዳልህ?»

«ምን ዓይነት አህያ ነኝ!» ብሎ ተነሳ ኸልፋን።

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለ ጁምዓና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ባድር ዘጠኝ ተኩል ላይ ከእማማ ዝወይና ሰፈር ይነሳል። ጊዜ አለ፤ ኸልፋን ግን ጊዜ እንዳለ አልተሰማውም፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ግማሽ ብቻ የተነፈሱት ጎማዎች አሸዋውን ይቆፍራሉ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡፍ አለ። ራዲያተሩ ፈልቷል።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ክዳኑን በጥምጥሙ ጫፍ ይዞ ሊፈታው ሲሞክር የፈላው ውሃ ክንዱን ገረፈው። «ያ አላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ተንደረደረ። ክዳኑን መልሶ ጠመዘዘ። ሌላ ምን ምርጫ አለ? መጠበቅ ብቻ ነው። የሰምሓ ጥላ ውስጥ ቁጭ አለ። ተነሳ። ራዲያተሩን ነካ፣ አቃጠለው። ቁጭ አለ። ተነስቶ ዞራት። እስከሚቀጥለው ጉብታ ሄዶ ተመለሰ፤ ለምን እንደሄደ እሱም አያውቅ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ጎማው ላይ አረፈ፤ ጠዋት «ይበቃል» ያለው ጎማ ተወጥሮ ተቀምጧል። ክብሪት እንጨት ከኪሱ አወጣ። አንዱን ጎማ ይዞ ቁጢጥ አለ፤ አየሩ ፊስ እያለ ሲወጣ፣ ሌላ የሚሠራው ነገር ስለሌለው፣ እስከ መጨረሻው ጠበቀው። ሁለተኛውን እንደዚያ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ግማሽ ሰዓት አሳልፎ አያውቅም። እያስተነፈሰም ያ ጠዋት መጣበት፤ ሊገፋው ሞከረ፣ አልተገፋም።

ዛሂር እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ «ቁም፣ ልይልህ» ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ፣ «ስንት ጊዜ ታያለህ? ትናንት አይተኸው የለ!» ብሎ ረገጠው። ዛሂር ገና በሩን ሳይከፍት። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሂር አላየም ነበር፤ እንዲያይ ኸልፋን አላስወረደውም።

ውሃ ሞልቶ ሲነሳ ሰምሓ ተሻለች፤ የተነፈሱት ጎማዎች አሸዋው ላይ ተንሳፈፉላት። ግን ሰዓቱ አልፏል። የዛሂር ጋራ እግር ሥር ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዙሪያውን ቢሄድ አንድ ሰዓት፤ ባድር ይሄድበታል። በላዩ ቢሻገር አምስት ደቂቃ። ወጥቶ ቢያይ ሃያ ደቂቃ።

ሪዶታውን፣ የዳገት ማርሹን፣ አስገባ። ዳገቱ ከዚህ በኩል ለስላሳ ነው፣ ያማረ ነው፤ ና፣ ና ይላል። ሞተሩን አንድ ጊዜ አጓራው። ወንድሜ ሊያመልጠኝ ነው፣ አለ በልቡ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ባዶው ወንበር ሄደ። «ቁም፣ ልይልህ» የሚለው ሰው እዚያ አልነበረም።

ሞተሩን አጠፋው።

ወርዶ በእግሩ መውጣት ጀመረ። አሸዋው አንድ እርምጃ ሲወጣ ግማሹን ይመልሰዋል። ጫማውን ጣለው። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ሁለቴ በእጁ ዳኸ። ዛሂር ይህን በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ይወጣው ነበር! እሱ ደግሞ ከታች ሆኖ ክላክስ ይነፋበት ነበር። አፈረ። ብቻውን አሸዋ ላይ እየዳኸ ፊቱ እስኪግል አፈረ።

ጫፉ ላይ ደረሰና ማዶውን አየ። ነፋሱ ቆርጦታል። ከእግሩ ሥር ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ሰምሓ በዚያ ፍጥነት ብትመጣ አፍንጫዋን ሰክታ ነበር የምትቀረው፣ እሱም አብሮ። ቀና ሲል ደግሞ፣ ከሥር፣ ከእማማ ዝወይና ሰፈር የወጣ አንድ ነጭ መኪና አቧራውን እየጎተተ ወደ አስፋልቱ ይሄዳል። ባድር ነው። ዛሂርን ይዞ እየሄደ ነው።

ጮኸ። ድምፁን ነፋሱ በላው። ጥምጥሙን ከራሱ ላይ ገፎ፣ ራሰ በራውን እንዳጋለጠ ጫፉ ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ያውለበልብ ጀመር።

ባድር ኋላ እንደነገረን፣ አባቱ ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ዓይኑን ከዚያ ጋራ ላይ አላነሳም። መኪናው ውስጥ ሆኖም አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። «አባ፣ ጋራው ላይ ሰው አለ፤ ጥምጥም ያውለበልባል። ኸልፋን ይሆን እንዴ?» አለው። ዛሂር ሳቀ። «በእግሩ የወጣ? እሱማ ኸልፋን አይደለም።» ከዚያ ዓይኑን አሸት አድርጎ አየ። «አቁም» አለ። «መልሰኝ።»

ኸልፋን ገደሉን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ነጩ መኪና ጋራው ሥር ቆሟል፤ ባድር ጥላው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ አባቱን አስቀምጦታል። ዛሂር ከስቷል፤ ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ፊቱ ተዘርግቷል። ኸልፋን እግሩን አየና ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሰላም ተባባሉ። ከዚያ ኸልፋን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቁጢጥ አላለም፤ እግሩን አጣጥፎ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ወሬ አለ?» አለ ዛሂር።

«ወሬ የለም፣ ሁሉ ደህና። አንተስ ዘንድ ወሬ አለ?»

«ወሬ የለም፣ ሁሉ ደህና።»

ባድር ከፔርሙዝ ቡና ቀዳ። ኸልፋን ጠጣ። ልጁ ልማዱን ስለሚያውቅ ፍንጃሉን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ፤ ኸልፋን ግን ፍንጃሉን ሳይነቀንቅ ወደ ፔርሙዙ ዘረጋለት። የዛሂር ቅንድብ ብድግ አለ። ኸልፋን ሁለተኛዋን ጨርሶ ጠጣ።

«ወሬ አለ» አለ።

«እህ?»

«ያን ቀን አንተ አላየህም። 'ቁም፣ ልይልህ' አልከኝ፤ እኔ አልቆምኩም። በሩን ሳትከፍት ነው የረገጥኩት። ዓይንህ ደክሞ አይደለም። አገሩ ሁሉ በስምህ ሲስቅ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እግርህን እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ስምህንም እኔ ነኝ።» ፍንጃሉን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «ይቅር በለኝ አልልህም። ወሬው ይኸው ነው።»

ዛሂር የላላውን የፋሻውን ጫፍ መልሶ ሸጎጠ።

«ይሄማ የቆየ ወሬ ነው» አለ። «እኔ እኮ እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ አንተ ሞኝ!»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ወደ ልጁ ዞረ።

«ባድር፣ ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ አባ።»

«ለእናትህም ንገራት። ሃያ ስምንት ዓመት ዓይንህ ደካማ ነው እያለች ምስር እንኳ አታስለቅመኝም።» ጉንጩን በመዳፉ ጠረገ። «እሺ፤ ሌላስ ወሬ አለ?»

«ሰምሓ ከጋራው ማዶ ቆማለች» አለ ኸልፋን። «እየነዳኋት ነው የመጣሁት። ጋራውን በእግሬ ተሻግሬ፣ ዞሬ ላምጣት፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።»

«ይሄ ነው ወሬ! ሂድ አምጣት።»

«አባ፣ ሐኪሞቹ ማታ ግባ ብለዋል እኮ» አለ ባድር።

«እግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። እኔ ሳልደርስ ምኑን ይቆርጡታል?» አለ ዛሂር።

ኸልፋን ሰምሓን በዙሪያው ይዟት ሲመጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዛሂር በሩን ራሱ ከፈተ። የታመመውን እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ መጀመሪያ አስገባው፤ ከዚያ ራሱ ገባ። መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፣ ያኔ ያሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ። ባድር ከኋላ በራሱ መኪና ተከተላቸው።

ከዚያ እስከ አስፋልቱ ዘጠኝ ጉብታ አለ፤ አብዛኛውን ሕፃን ልጅ በብስክሌት ይሻገረዋል። ዛሂር እያንዳንዱ ጉብታ ሥር «ቁም» ይላል። ባድር ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ይወጣል፣ ማዶውን ያያል፣ ጥምጥሙን ያውለበልባል። ኸልፋን ሲዘገይብን ሸምሳና እኛ አፋፉ ላይ ወጥተን ስንጠብቅ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጎተቱት እያልን ተጨንቀን ነበር። ዘጠኝ ጊዜ «ቁም» ተባለ፤ ኸልፋንም ዘጠኝ ጊዜ ቆመ።